የሲቢ ሬዲዮ ማይክ፦ እንዴት ይመረጣል? አሮጌው እንዴት ይሰበሰባል? ሲበላሽስ እንዴት ይጠገናል?

አሜሪካ ውስጥ ትራክ የምትነዱ ሰዎች ሲቢ፣ ማለትም ሹፌሮች በቅርብ ርቀት እርስ በርስ የሚያወሩበት ሬዲዮ፣ ምን እንደሆነ ከእኔ አትማሩም። ስልኩና ጂፒኤሱ ብዙ ቦታ ወስደውበታል፣ እውነት ነው። ግን ከፊት አደጋ ደርሶ መንገዱ ሲዘጋና የትኛው መስመር እንደሚሄድ ማወቅ ስትፈልጉ፣ ወይም የሚዛን ጣቢያው ተከፍቶ ይሆን ስትሉ፣ ከፊታችሁ ያለውን ሹፌር የሚያገናኛችሁ እሱ ነው። በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የፌዴራሉ ሕግ የንግድ መኪና ሹፌር ስልክ በእጁ ይዞ እንዳያወራ ሲከለክል ሲቢን አልጨመረውም። የየስቴቱን ሕግ ግን ለብቻው እዩት።

ሰው ሬዲዮና አንቴና ሲገዛ ብዙ ይጠይቃል። ማይኩን ግን ከካርቶን እንደወጣ ይሰካዋል፣ በቃ። ከዚያ አንድ ቀን "አትሰማም" ሲባል ሬዲዮው ሞተ ብሎ አዲስ ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ሬዲዮው ምንም አልሆነም። ቀኑን ሙሉ ሲጎተትና ሲጠመዘዝ የሚውለው የማይኩ ገመድ ነው የተበጠሰው። ይህ ደግሞ እቤት የሚሠራ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስፒናውን እዩ

ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት ሬዲዮው ላይ ያለውን መሰኪያ ተመልከቱና ፒኖቹን ቁጠሩ። በብዛት የምታገኙት ባለ 4 ፒን ነው። ባለ 5 እና ባለ 6ም አለ። በብዙዎቹ ባለ 4 ፒን ኮብራና ዩኒደን ሬዲዮዎች አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 1 ቁጥር መሬት (ግራውንድ)፣ 2 ቁጥር ድምፅ፣ 3 ቁጥር ማስተላለፊያ፣ 4 ቁጥር መቀበያ። ቁልፉን ስትጫኑ 3 ከ1 ጋር ይገናኛል። ስትለቁት 4 ከ1 ጋር ይገናኛል። ለዚህ ነው እንዲህ ዓይነት ብዙ ሬዲዮዎች ማይካቸው ሲነቀል ጭጭ የሚሉት። ሰው ይደነግጣል እንጂ ብልሽት አይደለም።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ስፒናው ገጠመ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። ሌላ ኩባንያ ያንኑ ባለ 4 ፒን ስፒና ወስዶ ውስጡን በሌላ ቅደም ተከተል ሊያገናኘው ይችላል። የሬዲዮውን መመሪያ አውጡና አስተያዩ። በሽቦ ቀለም አትተማመኑ፣ ከማይክ ማይክ ይለያያል። ቁጥሮቹ ራሳቸው ስፒናው ላይ ከየፒኑ አጠገብ በጣም ትንንሽ ሆነው ተጽፈዋል፣ በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቧቸው።

ለመኪና የትኛው ይሻላል?

ለትራክ የእኔ ምርጫ ጫጫታ የሚቀንሰው ዓይነት ነው፣ እነ አስታቲክ 636ኤል፣ እነ ሮድኪንግ 56። ከፊትም ከኋላም ቀዳዳ አላቸው። የሞተሩና የነፋሱ ድምፅ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚገባ ይጣፋል። የእናንተ ድምፅ ግን ከቅርብ፣ በፊት በኩል ብቻ ስለሚገባ ይተርፋል። ስለዚህ ከንፈራችሁ ማይኩን ሊነካው እስኪደርስ አስጠግታችሁ ነው የምታወሩት። ራቅ አድርጋችሁ ከያዛችሁት የራሳችሁንም ድምፅ እንደ ጫጫታ ይቆጥረውና ያጠፋዋል። "ይሄ ማይክ ደካማ ነው" ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ ወይ አርቀው ይዘውታል፣ ወይ የኋላውን ቀዳዳ በመዳፋቸው ደፍነውታል።

ሰው የሚጓጓው ግን ለፓወር ማይክ ነው። ውስጡ ማጉያ አለው፣ ብዙውን ጊዜ በ9 ቮልት ድንጋይ ይሠራል። ሲቢ በኤኤም ከ4 ዋት በላይ አይፈቀድለትም፣ ማይኩ ደግሞ ይህን ኃይል አይጨምርም። የሚጨምረው ወደ ሬዲዮው የሚገባውን ድምፅ ነው። ድምፁ ልኩን ሲያልፍ ይሰነጣጠቃል፣ ጎረቤት ቻናል ላይም ይፈሳል፣ የጋቢናው ጫጫታም አብሮ ይጎላል። ቀድሞውኑ "ጥርት ብለህ ትሰማለህ" የሚሏችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ከገዛችሁት ደግሞ ማጉያውን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ፣ የሚሰማችሁን ሰው እየጠየቃችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ትንሽ መልሱትና እዚያው ተዉት።

የአሁኖቹ ሬዲዮዎች በብዛት የሚስማማቸው ዳይናሚክ የሚባለው፣ ጥቂት መቶ ኦም ያለው ማይክ ነው። ኤሌክትሬት የሚባለው ሌላው ዓይነት ከሆነ ከሬዲዮው ትንሽ ቮልት ይፈልጋል፣ ሬዲዮው ያንን መስጠቱን አረጋግጡ። የድሮዎቹ ክሪስታል ማይኮች ያለ ማጉያ አዲስ ሬዲዮ ላይ ሲሰኩ ድምፃቸው ቀጭንና ደካማ ይሆናል። ይህ ወደ ሰብሳቢዎቹ ጉዳይ ይወስደናል።

አሮጌ ማይክ ለመሰብሰብ

የዚህ ዓለም ንጉሥ አስታቲክ ዲ-104 ነው። ክብ፣ የሚያብረቀርቅ ጭንቅላት በዘንግ ላይ ስለሆነ ሎሊፖፕ ይሉታል። የወጣው በ1933 ነው፣ ሲቢ አሁን ባለበት 27 ሜጋኸርዝ ላይ በ1958 ከመፈቀዱ በፊት ማለት ነው። መጀመሪያ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ዕቃ ነበር። በ1970ዎቹ አሜሪካ በሲቢ ስታብድ፣ ቻናሎቹም በ1977 ከ23 ወደ 40 ሲያድጉ፣ ማይኩ በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት የተሠራ ወርቃማ ዓይነትም አለው። ተርነር ፕላስ 2 እና ፕላስ 3፣ እንዲሁም ሹር 444 ከፈላጊዎቹ ዝርዝር አይጠፉም። ከእነዚህ ለመጀመር አንድ ግዙ ብባል ተርነር ፕላስ 3ን ነው የምለው፣ ማጉያው ውስጡ ስላለ ዛሬም በቀላሉ ይሠራበታል። ዲ-104 ግን ያምራል፣ ምን ይደረግ።

የት ይገኛል? ጋራዥ ሴል፣ የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ፣ ትራክ ስቶፕ አጠገብ ያሉ የሲቢ ሱቆች፣ የአማተር ሬዲዮ ገበያዎች። ትልቁ የዴይተን ሃምቬንሽን ነው። ስሙ ዴይተን ይሁን እንጂ ከ2017 ጀምሮ የሚካሄደው ዚንያ፣ ኦሃዮ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በሜይ ወር።

ዕቃውን ስታዩ በመጀመሪያ የድንጋዩን ክዳን ክፈቱ። አረንጓዴ ወይ ነጭ ዝገት ካለ ድንጋዩ ፈስሷል። ያስተካክሉታል፣ ግን ዋጋው ላይ ተከራከሩበት። ቀጥሎ ስለ ሙቀት ጠይቁ። የዲ-104 ኤለመንት፣ ማለትም ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ የሮሼል ጨው ከሚባል ክሪስታል ነው የሚሠራው። ይህ ጨው እርጥበት አይወድም፣ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ አለቀለት። ቴክሳስ ወይ አሪዞና ውስጥ በበጋ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ይህን ያልፋል። ጣሪያ ሥር ዓመታት የተቀመጠም እንዲሁ ያጠራጥራል። ስለዚህ "ከውጭ እንደ አዲስ ነው" የሚባል ማይክ ሳትሰሙት በሙሉ ዋጋ አትግዙ፣ ገዝታችሁም ከሆነ ትራክ ውስጥ አትተዉት። ኤለመንቱ ሞቶ ከመጣ በዳይናሚክ ወይ በኤሌክትሬት መቀየር ይቻላል። ዋናውን ግን አትጣሉት፣ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ከማይኩ ጋር አስቀምጡት፣ የሚገዛችሁ ሰው ይጠይቃል።

ስታስቀምጡ ድንጋዩን አውጡ። ወርቅ ቅቡን በብረት መወልወያ አትሹት፣ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ።

ጥገናው

ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ ቀጭን ጫፍ ያለው የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ፣ ሊድ፣ ፒንሳና ከፋርማሲ የሚገዛ አይሶፕሮፒል አልኮል ይበቃል።

1. በመጀመሪያ ከጓደኛችሁ ተመሳሳይ ስፒናና ተመሳሳይ አሠራር ያለው ማይክ ተዋሱና ሰኩ። ከሠራ ጥፋቱ የእናንተ ማይክ ነው። አንቴና ሳይሰካ ግን ቁልፉን እንዳትጫኑ፣ ሬዲዮውን ታቃጥሉታላችሁ።

2. የራሳችሁን መልሳችሁ ሰኩ። ቁልፉን ተጭናችሁ ገመዱን ከማይኩ አንገት አጠገብ፣ ከዚያ ከስፒናው አጠገብ እጠፍ ዘርጋ አድርጉት። የማስተላለፊያው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ሽቦው እዚያ ጋ ተበጥሷል። መብራቱ እየበራ ድምፅ ካልወጣ የድምፅ ሽቦውን ወይ ኤለመንቱን ጠርጥሩ። ጭራሽ ካልበራ ቁልፉ ወይ የ3 ቁጥር ሽቦ ነው። እናንተ ሌላውን የማትሰሙ ከሆነ 4 ቁጥርን እዩ።

3. ንቀሉትና ቴስተሩን ቢፕ የሚለው ላይ አድርጉ። ከላይ ባልነው ዓይነት ስፒና ቁልፉ ሲጫን 3 ከ1፣ ሲለቀቅ 4 ከ1 ቢፕ ማለት አለበት። ከዚያ ቴስተሩን ወደ ኦም ቀይሩና ቁልፉን ተጭናችሁ 2ን ከ1 ጋር ለኩ። ያለ ማጉያ የሚሠራ ዳይናሚክ ማይክ ጥቂት መቶ ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ማይኩን ከፍታችሁ ኤለመንቱን በቀጥታ ለኩት። እዚያ ካሳየ ችግሩ በመካከል ባለው ሽቦ ወይ ቁልፍ ነው። ክሪስታል ላይ ይህ አይሠራም፣ ደህናውም ቢሆን ባዶ ነው የሚያሳየው።

4. ስትከፍቱ ፎጣ ላይ ይሁን፣ የቁልፏ ስፕሪንግ ብድግ ብላ የምትገባበት አይታወቅም። ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱ። የቁልፉ ብረቶች ጠቁረው ከሆነ ወረቀት ቀጭን አድርጋችሁ ቆርጣችሁ አልኮል ንከሩትና በመካከላቸው አሳልፋችሁ ጎትቱት። በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ቅቡን ይልጠዋል።

5. ገመዱ ከጫፉ ከተበጠሰ ከስብራቱ አልፋችሁ ቁረጡ፣ አምስት ሳንቲም ሜትር ያህል ብታጡ ምንም አይደለም። ከመበየዳችሁ በፊት የስፒናውን ሽፋን ገመዱ ላይ አስገቡት። ረስታችሁ ከበየዳችሁ አፍርሳችሁ እንደገና ነው። ሽቦዎቹን ላጡ፣ ሊድ ቀቧቸው፣ የፒኖቹንም ጫፍ እንዲሁ። ከዚያ አገናኝታችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ አሙቁ፣ ከዚያ ካለፈ ፒኑን የያዘው ፕላስቲክ ይቀልጥና ፒኑ ይጋደማል። የግራውንዱ ሽቦ ጸጉር ጸጉር ስለሆነ አንዷ እንኳ አምልጣ ሌላ ፒን እንዳትነካ ተመልከቱ። በመጨረሻ የስፒናው መቆንጠጫ የገመዱን የውጭ ጎማ አጥብቆ ይያዝ፣ ጉተታውን ሽቦዎቹ ከተሸከሙት በወሩ ተመልሳችሁ እዚሁ ናችሁ።

አንዳንድ ገመድ ውስጡ ክር ላይ የተጠቀለለ ስስ ብረት ነው፣ ሊድ አይዝለትም። እሱን አትታገሉ፣ አዲስ ጥምዝ ገመድ ግዙ።

6. ከመሰካታችሁ በፊት ሦስተኛውን እርምጃ ድገሙ፣ መገናኘት የሌለባቸው ፒኖች አለመገናኘታቸውንም ጭምር። ከዚያ ሬዲዮ ቼክ ጠይቁ። ቻናል 9 ለአደጋ ጊዜ የተተወ ነው፣ እሱን አትንኩ። የትራክ ሹፌሮች በብዛት በሚያወሩበት ቻናል 19 ላይ የምትጠይቁ ከሆነ አጠር አድርጉት። "ትሰሙኛላችሁ?" ብቻ አትበሉ፣ "ድምፄ ጥርት ይላል ወይ?" በሉ። "ይሰማል ግን የታፈነ ነው" ካሏችሁ የፊት ወንፊቱን አውልቁ። ከቻላችሁ ኤለመንቱን ሳትነኩ ወንፊቱን ብቻ በአልኮልና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት፣ በደንብ ሳይደርቅ አትመልሱት። ጫጫታ የሚቀንሰው ዓይነት ከሆነ የኋላውንም ቀዳዳ እዩ፣ ቀድሞ የያዘው ሰው በናስትሮ ዘግቶት ሊሆን ይችላል።