ፀሐይ ላይ የሚጠቁር መነጽር፦ ደንበኞቼ (እና እኔ) የምንሠራቸው ስህተቶች

በስልክ መብራት አትፈትኑት። ይሄን በሳምንት ስንቴ እንደምናገር እኔ ነኝ የማውቀው። ሰውየው የስልኩን መብራት ሌንሱ ላይ ደቅኖ ይጠብቃል። አይጠቁርም። «አታለላችሁኝ!» ይላል። ወንድሜ፣ ሌንሱን የሚያጠቁረው የምታየው ብርሃን ሳይሆን የማታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ስልክህ ደግሞ ይሄ ጨረር የለውም ማለት ይቻላል። በፕላስቲኩ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ጨረሩ ሲያገኛቸው ይዘረጉና ብርሃን መዋጥ ይጀምራሉ። ጨረሩ ሲቀር ተመልሰው ይታጠፋሉ። በቃ፣ ምሥጢሩ ይሄው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ መስታወት አምራች የሠራው የድሮው የመስታወት ሌንስ በብር ማዕድን ውሁድ ነበር የሚጠቁረው፤ እሱንም በዋናነት የሚቀሰቅሰው ይኸው ጨረር ነው። መፈተን ከፈለጋችሁ ከሱቁ ወጣ በሉ። ደመና ቢሆንም ይጠቁራል። ዝናብ ከሆነም ሐሰተኛ ብር የሚለዩባት ሐምራዊ መብራት ትበቃለች።

ሹፌር ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ከአዳማ አዲስ አበባ ድረስ የከሰዓት ፀሐይ ፊቱን ስትጠብሰው መነጽሩ ንክች አላለም። ተናዶ መጣ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ስሸጥለት ሥራውን አልጠየቅኩትም። የመኪና የፊት መስታወት ጨረሩን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል፣ ሌንሱም ጥላ ሥር ያለ ይመስለዋል። ለሹፌር በዓይኑ ቁጥር የተሠራ የፀሐይ መነጽር ነው የሚሻለው።

አንዱ ሌንስ ሲሰበር አንዱን ብቻ አትቀይሩ። ለደንበኛዬ ወጪ ልቀንስ ብዬ አድርጌዋለሁ። አሮጌው ከአገልግሎት ብዛት ደክሟል፣ አዲሱ ጥቁር ይላል። ሰውየው አንድ ዓይኑን የተመታ መስሎ ተመለሰ።

ሙቀት ሌንሱን ያሰንፈዋል። አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ያለው መነጽር ሰመራ ሲወርድ ቢሳሳ ተበላሸ አትበሉ።

ቤት እንደገባችሁም ወዲያው አይጠራም። ለመጥቆር አንድ ደቂቃ ባይፈጅበትም፣ ለመጥራት ግን ደቂቃዎች ይፈልጋል። ደረጃ ላይ ተጠንቀቁ።

ሌላው ግርዶሽ ነው። ሰኔ 2012 ላይ፣ ያ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሠርቶ የታየው ግርዶሽ ሊደርስ ሲል፣ አንዲት እናት መጡና «ልጄ፣ ይሄ የሠራህልኝ ይበቃኛል አይደል?» አሉኝ። «እማማ፣ በጭራሽ! ዓይንዎን ያጠፋዎታል» አልኳቸው። ተቀይመውኝ ወጡ።