ድረ ገጽን ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ ማድረግ፦ ሥራው ከየት ይጀመራል?

ተደራሽነት ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ድረ ገጹ ካለቀ በኋላ በላዩ የሚጨመር ልዩ ሥራን ነው። በተግባር ግን አብዛኛው ሥራ ያለውን ባለበት መተው ነው። ማንም ያልነካካው፣ ኤችቲኤምኤል በተባለው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ የተሠራ ተራ ገጽ በስክሪን ሪደር ይነበባል፣ በኪቦርድ ይታዘዛል፣ ጽሑፉም ተጠቃሚው በፈለገው መጠን ይጎላል። እንቅፋቱን የምናስገባው ገጹን ለማሳመር ስንጣደፍ እኛው ነን። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች አብዛኞቹ የተበላሸውን ፈልጎ የማግኘትና ወደ ቦታው የመመለስ እርምጃዎች ናቸው።

እንቅፋቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ዓይነ ስውራን ስክሪን ሪደር የሚባለውን፣ የገጹን ይዘት በድምፅ ወይም በብሬል የሚያቀርብ ፕሮግራም ይጠቀማሉ። እጃቸውን እንደ ልብ ማዘዝ የሚያዳግታቸው ሰዎች ማውስን ትተው በኪቦርድ ወይም ኪቦርድን በሚተካ መሣሪያ ይሠራሉ። እይታቸው የደከመ ሰዎች ገጹን ሦስትና አራት እጥፍ አጉልተው ያነባሉ፤ መስማት የተሳናቸው ደግሞ በጽሑፍ ካልታጀበ ንግግር የሚያገኙት ነገር የለም።

ለእነዚህ ሁሉ የጋራ መለኪያ የሆነው ደብሊው ስሪ ሲ የተባለው የድር መስፈርት አውጪ ድርጅት ያዘጋጀውና ዊካግ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው መመሪያ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ 2.0 በ2008፣ 2.1 በ2018፣ 2.2 ደግሞ በ2023 ተከትለዋል። መመሪያው ኤ፣ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ በአብዛኛው እንደ ግብ የሚያዘው መካከለኛው ነው። ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ሥራ ለመጀመር መሞከርን ግን አልመክርም። ጥያቄ በተነሳ ቁጥር የሚገለጥ መዝገብ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

1. ማውሱን ነቅለው ገጹን በኪቦርድ ብቻ ይጠቀሙ

የመጀመሪያው ፍተሻ ምንም ፕሮግራም መጫን አይጠይቅም። ማውሱን ይንቀሉና ሰዎች ወደ ገጹ የሚመጡበትን ዋና ጉዳይ፣ ለምሳሌ ቅጽ ሞልቶ መላክን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኪቦርድ ለመፈጸም ይሞክሩ። የታብ ቁልፍ ወደሚቀጥለው ሊንክ፣ በተን ወይም መሙያ ሳጥን ያሸጋግራል፤ ሺፍትን ይዞ ታብን መጫን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ኢንተር ሊንክን ይከፍታል፤ ስፔስ በተንን ያሠራል፤ ኢስኬፕ የተከፈተውን ይዘጋል።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያሉበትን ቦታ የሚያሳይ ክፈፍ ምንጊዜም መታየት አለበት። ክፈፉን የሚያሰምረው ብሮውዘሩ ራሱ ነው፤ ብዙ ዲዛይነሮች ግን መልኩን ስለማይወዱት ሲኤስኤስ በተባለው የገጽን መልክ በሚወስን ኮድ በአንድ መስመር ያጠፉታል። ይህ በማውስ ለሚሠራ ሰው ጠቋሚውን ከስክሪኑ ላይ እንደ መሰወር ነው። መልኩ ካልተወደደ በጉልህ በሚታይ ሌላ ክፈፍ ይተካ እንጂ አይጥፋ።

በተን እየመሰለ በታብ የማይደረስበት ነገር ካገኙ፣ ገንቢው የበተን ታግን (በተን መሆኑን ለብሮውዘሩ የሚናገረውን የኤችቲኤምኤል ምልክት) ትቶ ዲቭ የተባለውን ባዶ መያዣ ወስዶ፣ ቀለም ሰጥቶ፣ ሲነካ የሚሠራ ጃቫስክሪፕት አስሮበት ሊሆን ይችላል። ለዓይን በተን ነው፣ ለማውስም ይሠራል፤ ለኪቦርድና ለስክሪን ሪደር ግን የለም። እዚህ ላይ ብዙዎች ኤሪያ ወደሚባለው የመግለጫ ስብስብ ይሮጡና ዲቩን «በተን ነው» ብለው ያውጃሉ። ኤሪያ ለስክሪን ሪደሩ የሚነገረውን ቃል ይቀይራል እንጂ ነገሩን በተን አያደርገውም፤ በታብ መድረሱ፣ ለኢንተርና ለስፔስ መታዘዙ ሁሉ እንደገና በእጅ መጻፍ ይኖርበታል። እውነተኛው የበተን ታግ ይህን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። የኤሪያ አጠቃቀም መመሪያ የመጀመሪያ ደንብም ሥራውን የሚሠራ የኤችቲኤምኤል ታግ ካለ ያንኑ መጠቀም እንደሚገባ ይናገራል።

ከሁሉም የሚከብደው በገጹ ላይ ብቅ የሚለው ዲያሎግ ነው፤ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቀው፣ ወይም መግቢያ ቅጽ ይዞ የሚከፈተው መስኮት ማለት ነው። በተሠሩ ጣቢያዎች ላይ ደጋግሜ የማገኘው ብልሽት ያለው እዚሁ ስለሆነ ጊዜ ወስዶ መመልከት ይገባል። ዲያሎጉ ሲከፈት የኪቦርዱ ፎከስ፣ ማለትም የሚጫነውን ቁልፍ የሚቀበለው ቦታ፣ ወደ ውስጡ መግባት አለበት፤ ካልገባ ዓይነ ስውሩ ተጠቃሚ መስኮት መከፈቱን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ተከፍቶ ሳለ ታብ ከኋላ ወዳለው ገጽ ማምለጥ የለበትም፤ ካመለጠ ሰውዬው የማያየውን፣ የተሸፈነ ሊንክ ሊከፍት ነው። ኢስኬፕ ሲጫን መዘጋት አለበት። ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ፎከሱ ዲያሎጉን ወደከፈተው በተን መመለስ አለበት።

የሚረሳው ይህ የመጨረሻው ነው። ፎከሱ መመለሻ ቦታ ካጣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ገጹ መጀመሪያ ይወድቃል፤ በዝርዝሩ ሠላሳኛው መስመር ላይ የነበረ ሰው ከላይኛው ሜኑ ጀምሮ በታብ እንደገና ይጓዛል፣ በሚቀጥለው መስመርም ያንኑ ይደግማል። የበለጠ የሚያስቸግረው ዲያሎጉ አንድን መስመር ለመሰረዝ የተከፈተ ሲሆን ነው፤ «አዎ» ሲባል የከፈተው በተን ራሱ ከመስመሩ ጋር ይጠፋልና። እንዲህ ባለ ጊዜ ፎከሱን ወደሚቀጥለው መስመር ወይም ወደ ዝርዝሩ ርዕስ በኮድ መላክ ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግልን ታግ የለም፤ ገንቢው አስቦ መጻፍ አለበት።

የቀረውን ግን ዲያሎግ የተባለው የኤችቲኤምኤል ታግ ራሱ ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ ስለሚሠራ፣ ለዚህ ሲባል ላይብረሪ የሚባለውን ሌላ ሰው የጻፈውን ዝግጁ ኮድ መጫን የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ መከፈት ያለበት ሾው ሞዳል በተባለው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ነው። ኦፕን የሚለውን ባሕርይ በታጉ ላይ በመጻፍ ብቻ ከተከፈተ ለዓይን ተመሳሳይ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ከኋላው ያለው ገጽ አይታገድም።

የታብ ቅደም ተከተሉ ተዘበራርቆ ካገኙት የታብን ተራ በሚወስነው ታብ ኢንዴክስ ላይ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ቁጥር በመስጠት ለማቃናት አይሞክሩ። አንድ አዲስ ሊንክ በተጨመረ ቁጥር ይፈርሳል። መስተካከል ያለበት ኮዱ የተጻፈበት ቅደም ተከተል ነው።

2. ርዕሶችንና ቋንቋን በትክክል ያውጁ

ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ገጹን ከላይ እስከ ታች አያዳምጥም፤ እንደማንኛውም አንባቢ ዘልሎ የሚፈልገውን ይፈልጋል። ኤንቪዲኤ በተባለው ነፃ ስክሪን ሪደር የኤች ቁልፍን መጫን ከርዕስ ወደ ርዕስ ያዘልላል። ይህ የሚሠራው ግን ርዕሶቹ በርዕስ ታግ ከተጻፉ ብቻ ነው፤ ተደምቆና ተልቆ የተጻፈ ተራ አንቀጽ ለስክሪን ሪደሩ ርዕስ አይደለም። ከ1 እስከ 6 ያሉት የርዕስ ደረጃዎች የሚመረጡትም እንደ ይዘቱ አወቃቀር ነው፤ የፊደሉ መጠን በሲኤስኤስ ይስተካከላል።

የገጹ ቋንቋ በኤችቲኤምኤል ታጉ ላይ መታወጅ አለበት። ከሌላ የተወሰዱ ቴምፕሌቶች (ዝግጁ የገጽ ንድፎች) ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ የሚል መግለጫ ይዘው ይመጣሉ፤ ያ ሳይቀየር ከቀረ ስክሪን ሪደሩ የአማርኛውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ሊሞክር ይችላል። ማስተካከያው ሁለት ፊደል መቀየር ነው።

3. ምስሎችን በቃል ይተኩ

አልት የሚባለውን የምስል አማራጭ ጽሑፍ ለመጻፍ ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ምስሉ ከዚህ ቦታ ቢነሳ አንባቢው የሚያጣው ምንድን ነው? የሚጻፈው መልሱ ነው። የሽያጭ ግራፍ ከሆነ «ግራፍ» ማለት በቂ አይደለም፤ ግራፉ የሚያሳየው ለውጥ ይነገር። ምስሉ ሊንክ ከሆነ የሚወስደው ቦታ ይጻፍ። «የ... ምስል» ብሎ መጀመር አያስፈልግም፤ ምስል መሆኑን ስክሪን ሪደሩ ራሱ ይናገራል። ለጌጥ ብቻ የገባ ምስል ባዶ አልት ይሰጠዋል እንጂ አልቱ ጨርሶ አይተውም፤ ከተተወ ስክሪን ሪደሩ የፋይሉን ስም በቁጥርና በሰረዝ እንደተሞላ ሊያነበው ይችላል።

ማስታወቂያን በሙሉ እንደ ምስል አድርጎ መለጠፍ ግን በአልት የሚድን አይደለም። ቀን፣ ቦታ፣ መስፈርትና ስልክ ቁጥር የያዘ ጽሑፍ በገጹ ላይ እንደ ጽሑፍ ይውጣ፤ ምስሉ ከፈለጉ አጠገቡ ይሁን።

4. ቅጾች

እያንዳንዱ መሙያ ሳጥን በሌብል ታግ የተያያዘ መጠሪያ ይኑረው። በሳጥኑ ውስጥ በፈዛዛ ቀለም የሚጻፈው ፍንጭ መጻፍ ሲጀመር ስለሚጠፋ መጠሪያን አይተካም። ስህተት ሲኖር ሳጥኑን ቀይ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ቀይን ከአረንጓዴ የማይለዩም፣ ጨርሶ የማያዩም ሰዎች አሉ። የተሳሳተው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚታረም በቃል ይጻፍ፤ ፎከሱም ወደ መጀመሪያው የተሳሳተ ሳጥን ይሂድ። በይለፍ ቃል ሳጥን ውስጥ ኮፒ አድርጎ መለጠፍን መከልከል ደኅንነትን የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ፤ የሚያደርገው ግን ለማስታወስ ወይም ለመተየብ የሚቸገሩ ሰዎችን ከደጅ መመለስ ነው።

5. ቀለም፣ መጠን፣ ቪዲዮ

በደብል ኤ ደረጃ በተራ ጽሑፍና በጀርባው መካከል ያለው የቀለም ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት፤ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 ይበቃል። ወሰኑ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለማየት በነጭ ጀርባ ላይ ያለ ግራጫን መውሰድ ይቻላል፦ 767676 የሚለው የቀለም ኮድ ያልፋል፣ 777777 ደግሞ ለጥቂት ይወድቃል። በዓይን ለይቶ ማወቅ ስለማይቻል በመለኪያ ይለኩት።

ብሮውዘሩን እስከ 400 በመቶ ያጉሉና ጽሑፉን ለማንበብ ወደ ጎን መሳብ የሚያስፈልግ ከሆነ ያርሙ። በስልክ ላይ ማጉላትን የሚከለክል መስመር በኮዱ ውስጥ ካለ ይሰርዙት። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ነገር የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሊጎዳ ስለሚችል አይግባ። ለቪዲዮዎች የግርጌ ጽሑፍ ያዘጋጁ፤ ኮምፒውተር በራሱ የጻፈውን ሰው ሳያርመው አያውጡ።

6. መሣሪያዎች፣ ቀጥሎም ሰዎች

ላይትሃውስ፣ አክስና ዌቭ የተባሉት መፈተሻዎች ይጠቅማሉ፤ የጎደለ አልትንና የደበዘዘ ቀለምን በፍጥነት ያወጣሉ። ይሁንና አልት መኖሩን እንጂ እውነት መናገሩን አይመዝኑም፤ በላይትሃውስ 100 ነጥብ ያገኘ ገጽ በኪቦርድ የማይላክ ቅጽ ሊኖረው ይችላል። በአንድ መስመር ኮድ ጣቢያውን ተደራሽ እናደርጋለን እያሉ ጥግ ላይ የምልክት በተን የሚያስቀምጡ አገልግሎቶችን ደግሞ ባይገዟቸው ይሻላል፤ ከላይ ያየነውን የዲያሎግ ችግር ከውጭ የሚገባ ኮድ አስቦ ሊፈታው አይችልም።

ቀጥሎ በስክሪን ሪደር ያዳምጡ። ኤንቪዲኤ በዊንዶውስ ላይ በነፃ ይጫናል፤ ቮይስኦቨር በአፕል መሣሪያዎች፣ ቶክባክ ደግሞ በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ አስቀድሞ አለ። የኮምፒውተሩን ስክሪን አጥፍተው ካልሠሩ ግን ዓይንዎ ጆሮዎን እየረዳ ያታልልዎታል።

በመጨረሻም ስክሪን ሪደርን በየዕለቱ የሚጠቀሙ ሰዎችን ጠርተው፣ ለጊዜያቸው ከፍለው፣ አንድ ጉዳይ እንዲፈጽሙ ይስጧቸው፤ ሲቸገሩ ከማገዝ ይቆጠቡና የቆሙበትን ቦታ ይጻፉ። ከተገኙት ችግሮች አስቀድሞ የሚታረመው ጉዳዩን ጨርሶ እንዳይፈጸም ያደረገው ነው፤ ያዘገየው ብቻ ይከተላል። እርማቱ ሲያልቅ ማውሱን እንደገና ነቅሎ የመጀመሪያውን ፍተሻ መድገም ያስፈልጋል፤ አንዱን ፎከስ ለማቃናት የተጻፈ ኮድ ሌላውን ሊያበላሽ ይችላልና።