ዲጀነሬት ፓራቦሊክ እኩልታ፦ ጊዜው ሲረዝም የሚሠሩ ስህተቶች

ጋዝ በቀዳዳማ አፈር ውስጥ ሲሰራጭ የሚከተለውን እኩልታ እንያዝ፦ ∂እ/∂ጊ = ∂²(እ²)/∂ቦ²። እ እፍጋት፣ ጊ ጊዜ፣ ቦ ቦታ ነው። የስርጭቱ ኮኤፊሸንት 2እ ስለሆነ ጋዝ በሌለበት ቦታ ኮኤፊሸንቱም ዜሮ ነው፤ «ዲጀነሬት» የሚባለውም ለዚህ ነው። በኮምፒውተር ሲሰላ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

የሙቀት እኩልታን ልማድ ይዞ መምጣት። ጠርዙ ላይ ዜሮ በሆነ ውስን ክልል ውስጥ ሙቀት በኤክስፖነንሻል ይከስማል፤ ይህኛው ግን እንደ 1/ጊ ብቻ ይቀንሳል። የመነሻውን መጠንም ይረሳል። የክልሉ ርዝመት 1 ከሆነ፣ መነሻው አንድም ይሁን ሚሊዮን፣ እፍጋቱ የትም ቦታ ከ0.112/ጊ አይበልጥም። ስለዚህ የእን ሎጋሪዝም ከጊዜ ጋር አትሳሉ። የመሃሉን 1/እ ከጊዜ ጋር ሳሉት፤ ስሎፑ ወደ 8.9 የሚጠጋ ቀጥ ያለ መስመር ካልወጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ኤፕሲሎን (ትንሽ ቋሚ ቁጥር) መጨመር። ይሄ ነው የሚያንገበግበው። ኮዱ ዜሮ ላይ እንዳይንገዳገድ ተብሎ 2እ የነበረው 2(እ+0.001) ይደረጋል፤ «ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣለች?» ይባላል። ለአጭር ጊዜ እውነት ነው፣ ምንም አታመጣም። እፍጋቱ ግን እየቀነሰ ሲሄድ ኤፕሲሎን ባለችበት ትቆማለች። ከላይ ባለው ክልል ጊ=50 ላይ ትክክለኛው መፍትሔ መሃል ላይ 0.0022 ገደማ ነው፤ ጊ=112 ላይ ራሱ 0.001 ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የምታዩት ቅነሳ ኤክስፖነንሻል ነው፤ ፍጥነቱም ኤፕሲሎን በ2 እና በፓይ ካሬ ተባዝቶ የሚገኘው 0.02 ገደማ ነው። ያ የሌላ እኩልታ ባሕርይ እንጂ የዚህኛው አይደለም። ኤፕሲሎንን በግማሽ ቀንሳችሁ ሞክሩ፦ የቅነሳው ፍጥነት አብሮ በግማሽ ከወረደ የለካችሁት ኤፕሲሎንን ነው። አስቀድሞ ኤፕሲሎንን ወደ ዜሮ ወስዶ ከዚያ ጊዜን ማስረዘምና ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አንድ ውጤት አይሰጡም። ሶልቨሩ (እኩልታውን የሚፈታው ኮድ) ካለ እሷ አልሄድ ካለ፣ እስከ ጊ=1000 ለመድረስ ከ10⁻⁶ አታስበልጧት።

በሴሎች (ቦታው ለስሌት በተከፋፈለባቸው ትናንሽ ክፍሎች) መካከል የኮኤፊሸንቱን ሃርሞኒክ አማካይ (የሁለቱ ብዜት እጥፍ ለድምራቸው ሲካፈል) መውሰድ። ከሁለቱ ኮኤፊሸንቶች አንዱ ዜሮ ከሆነ ሃርሞኒክ አማካያቸውም ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ግንባሩ (ጋዝ ያለበትና የሌለበት ቦታ ድንበር) ካለበት ንቅንቅ አይልም። ጋዙ በመነሻው ክልል ታጥሮ ይቀርና ቀስ በቀስ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠቅላላ መጠኑ አይጎድልም፣ ኮዱም ስህተት አያሳይም፤ ሰው ደግሞ «ተረጋጋ» ብሎ ይጽፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የእ²ን ልዩነት በቀጥታ ውሰዱ።

ግንባሩ መጀመሪያ ላይ ብቻ ቆሞ ኋላ ከተንቀሳቀሰ ግን አትደንግጡ። የመነሻው እፍጋት ግንባሩ አጠገብ ከግንባሩ ባለው ርቀት ካሬ ልክ ከለዘበ መጠበቁ የእኩልታው የራሱ ባሕርይ ነው።

ጠባብ ሳጥን ውስጥ ማለቂያ የሌለውን መስመር ባሕርይ መፈለግ። የሶቪየቱ የሒሳብ ሊቅ ባረንብላት በ1952 ያሳተመው መፍትሔ እንደሚያሳየው፣ በአንድ ነጥብ የተከማቸ መጠኑ 1 የሆነ ጋዝ ግንባሩ ከመሃል የሚርቀው የ9ጊን ሦስተኛ ሥር ያህል ነው። ከ−10 እስከ 10 ባለ ሳጥን ውስጥ ጊ=111 ላይ ግድግዳውን ይነካል ማለት ነው። እስከዚያ የመሃሉ ከፍተኛ እፍጋት እንደ ጊ^(−1/3) ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ጠርዙ ዜሮ ከሆነ ቅነሳው ውሎ አድሮ ወደ 1/ጊ ይዞራል፤ ፍሰት እንዳያሳልፍ ከተዘጋ ደግሞ እፍጋቱ ወደ 0.05 ይጠጋል። ሁለቱን ምዕራፎች ቀላቅሎ አንድ አርቢ የሚያወጣ ሰው ያገኘው ቁጥር የየትኛውም አይደለም።

ስለ ጊዜ እርምጃ፦ በኤክስፕሊሲት ዘዴ (ቀጣዩን ዋጋ ከአሁኑ በቀጥታ በሚያሰላው) የእርምጃው ጣሪያ የቦታ እርምጃ ካሬ ለ4 እጥፍ ከፍተኛው እ ሲካፈል ነው። እ በወረደ ቁጥር ጣሪያው ከፍ ስለሚል በየጊዜው አስሉት፤ በመነሻው እርምጃ እስከ ጊ=1000 መጓዝ ኮምፒውተርን በከንቱ ማልፋት ነው።