ልጆች ይዞ ወደ ሃሪ ፖተር ስቱዲዮ
ለንደን ያላችሁ፣ ልጆቹን የሃሪ ፖተር ፊልሞች ወደተሠሩበት፣ ለንደን አቅራቢያ ሌቭስደን ወደሚገኘው የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ልትወስዱ ካሰባችሁ ትኬቱን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ። ከ5 ዓመት በታች ነፃ ነው፤ ትኬት ግን ለእነሱም ያስፈልጋል።

ለንደን ካለው የዩስተን ባቡር ጣቢያ እስከ ዋትፎርድ ጃንክሽን ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ነው። እኔ በችኮላ በየጣቢያው የሚቆመውን ይዤ፣ ትንሿ ልጄ ገና መንገድ ላይ «እማዬ፣ ራበኝ» ጀመረችኝ። ከዋትፎርድ ጃንክሽን የስቱዲዮው አውቶቡስ ያደርሳችኋል።

ጉብኝቱ ከተጀመረ በኋላ ምግብ የሚገኘው መሃል ላይ ስለሆነ ቁርስ አጥግባችሁ አስገቧቸው። ቢራ የሌለበት «በተርቢር» የሚባለው የሃሪ ፖተር መጠጥ ለእኔ ስኳሩ በዛብኝ፤ አንዱን ተካፈሉት። ጉልበት ቆጥቡ! የሆግዋርትስ (የሃሪ ፖተር የአስማት ትምህርት ቤት) ግዙፍ ሞዴል ያለው መጨረሻው አካባቢ ነው፤ መብራቱ ከቀን ወደ ማታ ሲለወጥ የእኔዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። መውጫው በሱቅ በኩል ነው፤ ምን እንደምትገዙላቸው ቤት ሳላችሁ ተስማሙ።