ስልካችሁን ስጡኝ፣ አሥራ ሁለቱን ቃላት ግን አትስጡኝ

መገናኛ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ደንበኛ ስልኩን ሲሰጠኝ ፒኑንም ይነግረኛል። ፕላስተር ላይ ጽፌ ከጀርባው እለጥፈዋለሁ። ስክሪን ከቀየርኩ በኋላ ተቹን መሞከር፣ ካሜራውን ማየት አለብኝ። ለሙከራ ያነሳሁትን ፎቶ ለማጥፋት ጋለሪ ስገባ ስንት ጊዜ የክሪፕቶ ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ መያዣ አፕ) ስክሪንሾት አይቻለሁ መሰላችሁ! ዋሌት ሲከፈት አፑ የሚሰጣቸው፣ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ያላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ከልጅ የልደት ፎቶ አጠገብ ቁጭ ብለው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሁሉ ኖትኮይንና ሃምስተር የሚባሉትን የቴሌግራም የክሪፕቶ ጨዋታዎች ሲነካካ በነበረ ጊዜ ደግሞ ባሰ።

እኔ አይቼ አልፋለሁ። ሁሉም ሰው ግን አያልፍም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ አይደለም። ያለው ለዓለም ሁሉ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ነው፤ ቃላቱ ቁልፉ ናቸው። ቃላቱን ያየ ሰው የትም አገር ሆኖ፣ በራሱ ስልክ ላይ አስገብቶ፣ ሁሉንም ጠራርጎ መውሰድ ይችላል። የእናንተ ፒንና አሻራ አያግደውም፤ የሚቆልፉት የእናንተን ስልክ ብቻ ነው። ከሄደ በኋላ «መልሱልኝ» የሚባል ባንክ የለም። እኛ አገር ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት እንደማይፈቀድ አሳውቋል። ስለዚህ አቤት የሚባልበት በር ጠባብ ነው።

ዛሬውኑ ጋለሪያችሁን ፈትሹ። ስክሪንሾቱ ካለ አጥፉት፤ ከቆሻሻ ቅርጫቱም፣ ከጎግል ፎቶስም ጭምር። የቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ»፣ ኢሜይል፣ ኖት፣ ሁሉንም እዩ። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ካስፐርስኪ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ድርጅት ይፋ እንዳደረገው፣ ጎግል ፕሌይና አፕ ስቶር ላይ ሳይቀር የሰው ፎቶ እያነበቡ እነዚህን ቃላት የሚለቅሙ አፖች ተገኝተዋል። የጋለሪ ፈቃድ የሚጠይቃችሁን አፕ ሁሉ «እሺ» አትበሉት።

ቃላቱ የሚጻፉት ወረቀት ላይ ነው። በእጃችሁ፣ በተራ ቁጥራቸው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። የመጨረሻዋን ነገር አደራ። አንድ ወጣት ደንበኛዬ ሌባ እንዳያውቃቸው ብሎ ቃላቱን በአማርኛ ፊደል ጽፏቸው ነበር። ስልኩ ውኃ ገብቶበት ቦርዱ ሞተ። አዲስ ስልክ ይዞ፣ ወረቀቱን ይዞ መጣ። አምስተኛው ቃል «ራይት» ይላል። «ቀኝ» የሚለው ነው ወይስ «ጻፍ» የሚለው? ሁለቱም ዋሌቶች ቃላቱን በሚመርጡበት ዝርዝር ውስጥ አሉ። ዘጠነኛው «ፋን» ይላል። ማራገቢያው ነው ወይስ ጨዋታና ደስታ? እነዚያም ሁለቱም አሉ። ልጁ ፊቱ አመድ መስሏል። እየቀያየርን ሞከርን፤ ሦስተኛው ላይ ተከፈተ። እንዲያ ሲደሰት ግን ዝም አላልኩትም። «አሁን እኔም አይቻቸዋለሁ፤ እዚሁ ቁጭ ብለህ አዲስ ዋሌት ክፈት፣ ገንዘቡን አዛውር» አልኩት። ዞር አልኩለትና አዲሶቹን ቃላት ጻፈ። ሌላ ሰው ባየው ቃል ላይ ገንዘብ አያድርም፤ ያየው ወንድማችሁም ቢሆን።

የቃላቱ ዝርዝር በጠቅላላ 2048 ነው። የትኞቹም ሁለት ቃላት በመጀመሪያ 4 ፊደላቸው አይመሳሰሉም። ይህ ለእኛ ይጠቅመናል። ወረቀት በእሳትም በዝናብም ይጠፋልና ሁለተኛውን ቅጂ የማይዝግ ብረት ላይ መጫር ከፈለጋችሁ የየቃሉ 4 ፊደል ይበቃል። ለ12 ቃል ቢበዛ 48 ፊደል ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሹል ነገር ይዞ፣ በራስ እጅ። ቅርጽ አውጪ ጋር አትውሰዱት። ወረቀቱንም ላሚኔት ላስደርግ ብላችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት አትግቡ።

ከዚያ ሞክሩት። ትንሽ ገንዘብ ብቻ አስገቡ፣ አፑን ከስልኩ አጥፉ፣ እንደገና ጫኑና ከወረቀቱ ላይ መልሱት። ከተመለሰ የቀረውን አስገቡ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። አትዝለሉ።

ስልክ ለጥገና ስታመጡ፣ ሳምሰንግ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ሜይንቴናንስ ሞድ» አለ፤ ፒክስል ላይ «ሪፔር ሞድ» ይባላል። እሱን ካበራችሁት እኔ ስክሪኑን እሞክራለሁ፣ ፎቶና አፖቻችሁን ግን አላይም። ፒንም አልጠይቅም። ሌላ ስልክ ከሆነና ወረቀቱን ካረጋገጣችሁ፣ ዋሌቱን አጥፍታችሁ አምጡት። ቅር የሚለው ጠጋኝ ካለ ወደ ሌላው ሂዱ።

ገንዘብ ስትልኩ ደግሞ የተቀባዩን የዋሌት አድራሻ (እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ያለ ነው) ከቀድሞ የዝውውር ታሪክ ላይ ኮፒ አታድርጉ። ትሮን በሚባለው የክሪፕቶ መረብ የሚላክ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) አድራሻው በ«ቲ» የሚጀምር 34 ፊደልና ቁጥር ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ ነው። አጭበርባሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ዳርና ዳሩ የሚመሳሰል አድራሻ ሠርተው፣ ምንም የማይባል ዝውውር በመላክ ታሪካችሁ ውስጥ ያስገቡታል። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው በዚህ መንገድ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ላከ። በኋላ አብዛኛው ተመለሰለት፤ እንዲህ ያለ ዕድል ግን ብዙ ሰው አይገጥመውም። መሐሉንም አንብቡ። ብዙ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ላኩና ተቀባዩን ደውላችሁ ጠይቁ።

ቴሌግራም ላይ «የድጋፍ ክፍል ነኝ» ብሎ ራሱ የሚጽፍላችሁ ሌባ ነው። ብሎክ አድርጉት። ቃላቱን የሚጠይቅ እውነተኛ ድርጅት የለም።

ስለ ምስጢርም ልጨምር። ለአንድ ሰው አድራሻችሁን ስትሰጡ፣ ያለውን ሒሳብም፣ የገባና የወጣውንም አብራችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ደመወዝ የምትቀበሉበትና የምታስቀምጡበት ዋሌት ይለያይ። የማስቀመጫውን አድራሻ ለማንም አትስጡ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዛውሩ ዱካው መዝገቡ ላይ እንደሚቀር እወቁ፤ የተከታተለ ሰው ይደርስበታል። ካፌ ቁጭ ብሎ ለጓደኛ ባላንስ ማሳየት፣ ግሩፕ ላይ የትርፍ ስክሪንሾት መልቀቅ፣ እባካችሁ ይቅር።

እኔ ለእህቴ የታሸገ ፖስታ ሰጥቻታለሁ። «አንድ ነገር ከሆንኩ ክፈቺው» ብያታለሁ። ቃላቱ እዚያ ውስጥ የሉም። ያሉበት ቦታና ስትከፍት ደረጃ በደረጃ ምን ማድረግ እንዳለባት ነው የጻፍኩላት፣ በአማርኛ።