ከአዳማ ወደ ወንጂ የመስኖ ቦዮች በብስክሌት፦ የግማሽ ቀን ጉዞ መመሪያ

ከአዳማ ደቡባዊ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ወንጂ የሚወርደው የአስፋልት መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ብስክሌተኛው የባጃጅና የጋሪ ግርግር ከሞላበት ከተማ ወጥቶ፣ ግራር እዚህም እዚያም የቆመበትን ደረቅ መሬት አቋርጦ፣ በመስኖ ቦዮች ወደ ተከፋፈለው የሸንኮራ አገዳ ማሳ ይገባል። ሜዳው ለጥ ያለ፣ የሠራተኛ መንደሮቹም የራሳቸው ታሪክ ያላቸው ስለሆኑ፣ ረጅም መንገድ መንዳት ለጀመረ ሰው በአዳማ ዙሪያ ከዚህ የተሻለ የግማሽ ቀን ጉዞ አላውቅም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ሲሄዱ የቀለለው መንገድ ሲመለሱ ይከብዳል። ስለዚህ ጉዞው የሚታቀደው ከመልሱ ተነሥቶ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከፍታ ሲሆን፣ ወንጂ ከባሕር ጠለል በላይ 1,540 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አዳማ ከዚያ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ሁለተኛውና የሚበረታው ምክንያት ነፋስ ነው። አዳማ በነፋሷ የታወቀች ከተማ ናት፤ በአጠገቧ ባሉት ኮረብቶች ላይ በሁለት ምዕራፍ የተተከሉት 136 የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖችም እዚያ የቆሙት በዚሁ ምክንያት ነው። በበጋ ወራት ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚመጣ ወደ ወንጂ ሲወርዱ ከኋላ ይገፋዎታል፤ ፍጥነትዎም የጉልበትዎ ውጤት ይመስልዎታል። ሲመለሱ ግን ያው ነፋስ ከዳገቱ ጋር ተባብሮ ፊት ለፊት ይገጥምዎታል። በክረምት አቅጣጫው ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚዞር ነገሩ ይገለበጣል። ጠዋት ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ተርባይኖቹን አሻግረው ይመልከቱ፤ ክንፎቻቸው ምንጊዜም ነፋሱ ወደሚመጣበት ስለሚዞሩ፣ ፊታቸው ወዴት እንደሆነ ማየት የመልስ ጉዞዎን ለመገመት ይበቃል።

ጉዞውን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቢጀምሩ፣ ለመንገዱና ለማሳው ሦስት ሰዓት መድበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ አዳማ መዞር ይችላሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ፀሐዩ ስለሚበረታ ከዚህ ሰዓት ማሳለፍ አይገባም። ለእኔ ምርጡ ወቅት ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ከደረቀ በኋላ ያሉት ጥቅምትና ኅዳር ናቸው።

ስለ ብስክሌቱ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ለጎማው ግን መጨነቅ ተገቢ ነው። በአስፋልቱ ብቻ ሄዶ ለመመለስ የሚያስብ ሰው 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ጎማ ይበቃዋል። በቦዮቹ ዳር ባለው የአፈር መንገድ ለመግባት ከታሰበ ግን 32 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጎማ ማሰር ይሻላል፤ አፈሩ ላይ ሲደርሱም ትንሽ አየር ማስወጣት መንሸራተትን ይቀንሳል። የዚህ አካባቢ ዋና ጠላት የግራር እሾህ ነው። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ የመለጠፊያ ማስቲሽ፣ የእጅ ፓምፕና ጎማ መፍቻ ሳይዙ አይነሡ፤ ጎሚስታ የሚገኘው ከተማ ውስጥ እንጂ ማሳ መካከል አይደለም። የፈነዳውን ጎማ ሲቀይሩ ደግሞ አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣትዎ ቀስ ብለው ይዳስሱ። እሾሁ ከውጭ ተሰብሮ ጫፉ ብቻ ወደ ውስጥ ብቅ ብሎ ይቀራልና፣ ካልተነቀለ አዲሱን የውስጥ ጎማ መቶ ሜትር ሳይሄድ ይበሳዋል። የራስ ቁርና የኋላ መብራት የማይታለፉ ናቸው።

ውሃን በተመለከተ ጥብቅ መሆን ይገባል። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ከአዳማ ይያዝ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በወንጂ የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው የቡናማ ቀለም የያዘው፣ አንዳንዶቹም በዕድሜ ብዛት የአጥንት ሕመም ያገኛቸው በዚሁ የተነሣ ነው። የቦዩ ውሃ ደግሞ ለመጠጥ ቀርቶ እግር ለማቀዝቀዝም አይሆንም። በአካባቢው ቢልሃርዝያ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው ሕመም፣ በጥናት የተረጋገጠ በሽታ ሲሆን፣ ተሸካሚዎቹ ቀንድ አውጣዎች የሚራቡት ቀስ ብሎ በሚፈስ እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። በሙቀት ላይ ያን የሚያብረቀርቅ ውሃ እያዩ ማለፍ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይለፉት።

ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ የሚነዳው ለማየት ነው። ከስኳሩ በፊት ይህ ሜዳ የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ነበር። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ አገዳ ተከለ፤ በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የሸዋ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመሩ። አርብቶ አደሮቹ መሬታቸውን ሲለቁ፣ ከከምባታ፣ ከሃዲያ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች ለሥራ የመጡ ሰዎች በማሳው መካከል በተሠሩት መንደሮች ሰፈሩ። ዛሬ በብስክሌት የሚያልፏቸው፣ ነዋሪዎቹ ካምፕ የሚሏቸው መንደሮች የእነዚያ ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ቀዬ ናቸው። ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች ዕድሜያቸውን ጨርሰው በአዲስ ተተክተዋል። ወደ መንደሮቹ ሲገቡ ቤቶቹን ብቻ ሳይሆን በመስመር የተሠሩበትን አኳኋን፣ በመካከላቸው ያለውን ዛፍና የቦዩን ቅርበት ልብ ብለው ይመልከቱ፤ የመንደሩ አቀማመጥ የሥራውን ሥርዓት ያሳያል።

ውሃው የሚመጣው ከአዋሽ ወንዝ በፓምፕ እየተሳበ ነው። ቆቃ ላይ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ከወንጂ በላይ ስለሆነ የወንዙን ሙላትና ጉድለት ያመጣጥናል። ከፓምፑ የወጣው ውሃ በዋናው ቦይ ይሄድና ወደ መጋቢ ቦዮች ይከፈላል፤ ከዚያም በየትልሙ እየፈሰሰ አገዳውን ያጠጣል። በአንድ የውሃ በር አጠገብ ብስክሌትዎን አቁመው ጥቂት ቢቆዩ፣ አጠጪው በአካፋው አንድ ጭረት አፈር ከትልሙ አፍ ሲያነሣና ውሃው ደረቁን መሬት እያጨለመ ሲገሰግስ ያያሉ፤ ከውሃው ግንባር ቀድመው የሚሸሹትን ነፍሳት ለመልቀም ደግሞ ነጫጭ ሳቢሳዎች ይከተሉታል። እኔ ወደዚህ ቦታ ደጋግሜ የምሄደው ለዚህ ነው።

በቦይ ዳር መንገድ ላይ ሲነዱ ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብለው የመኪና ጎማ የደለደለውን መስመር ይያዙ፤ ጠርዙ ከሥሩ በውሃ ተቦርቡሮ ሊደረመስ ይችላል። ቁመቱ ከሰው በላይ የሆነ አገዳ ነፋሱን ስለሚከልል ጸጥ ባለ ኮሪደር ውስጥ የሚሄዱ ይመስልዎታል፤ የታጨደ ማሳ ጋ ሲደርሱ ግን ነፋሱ በድንገት ከጎን ይመታዎታል። ከመድረስዎ በፊት መሪውን በሁለት እጅ ይዘው ክንድዎን ላላ ያድርጉ እንጂ አያግትሩ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ደግሞ ወደ አፈሩ መንገድ ፈጽሞ አይግቡ። አንድ ጊዜ በሐምሌ ወር የላዩ ደረቅ መስሎኝ ገባሁና፣ ጥቁሩ ዋልካ ከጎማው ጋር እየተጠቀለለ በፍሬኑና በሹካው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር አቆመ። ጭቃውን በዱላ እየፋቅሁ፣ መልሶ ሲሞላ ብስክሌቱን ተሸክሜ አስፋልት እስክደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ።

በአጨዳ ወቅት አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል። ጭስ ካዩ ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው አጢነው መንገድ ይቀይሩ፤ ወደሚቃጠል ማሳ ዳር መጠጋት አደገኛ ነው። አገዳ የጫኑ ትራክተሮችና ተሳቢዎች በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ቅድሚያውን ለእነርሱ ይስጡ፤ ከጭነቱ የሚወድቀው አገዳ ከብስክሌት ጎማ ሥር ሲገባ ይጥላል።

የማሳው መንገዶች የእርሻው ንብረት ስለሆኑ ጥበቃ ባለበት በር ላይ ወርደው ሰላምታ በመስጠት ፈቃድ ይጠይቁ። በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ» (እንዴት ናችሁ) ብሎ መጀመር ብዙ በር ይከፍታል። ድልድይ፣ የፓምፕ ጣቢያና ፋብሪካ ሳይፈቀድ ፎቶ አያንሡ፤ በመንደር ውስጥም ሰውን ከማንሣት በፊት መጠየቅ ይገባል። ከማሳው አገዳ መስበር ነውር ነው፤ ከፊሉ የስኳር ፋብሪካው ሲሆን ከፊሉ ደግሞ አገዳ አብቅለው ለፋብሪካው የሚያስረክቡ ገበሬዎች ሀብት ነው። የማኘክ ፍላጎት ካለዎት ከሻጭ ይግዙ። መንደር ውስጥ ከብስክሌቱ ወርዶ መግፋት ጥሩ ልማድ ነው፤ ሕፃናት ከኋላ እየሮጡ ስለሚከተሉ አደጋም ይቀንሳል።

መልሱን ከመጀመርዎ በፊት ወንጂ ላይ ሻይና ዳቦ ይያዙ፤ ከያዙት ውሃም ግማሹ መቅረቱን ያረጋግጡ። ጎማዎቹን እያሽከረከሩ በእሾህ አለመወጋታቸውን ይመልከቱ፤ ለአፈሩ ያስወጡትን አየር መልሰው ይሙሉ። ከዚያም ነፋሱ ከመግጠሙ አስቀድመው ወደ ቀላል ማርሽ ይቀይሩና ክርንዎን አጥፈው ዝቅ ይበሉ። ከአንድ ሰው በላይ ከሆናችሁ በአንድ ረድፍ ተከታትላችሁ፣ የፊተኛው በየአምስት ደቂቃው ወደ ኋላ እየተመለሰ ተራ በተራ ነፋሱን ብትሸከሙ ድካሙ በጣም ይቀንሳል፤ መኪና በበዛበት ቦታ ግን ተራ መቀያየሩን ተዉት። ሲወርዱ በ25 ደቂቃ የጨረሱት መንገድ ሲመለሱ 50 ደቂቃ ቢወስድብዎ የሚጠበቅ ነውና ፍጥነትዎን ሳይሆን እስትንፋስዎን ይከታተሉ፤ ማውራት እስኪያቅትዎ ድረስ ካለከለኩ አንድ ማርሽ ያቅልሉ።