«ቡና እንጠጣ» ብሎ ጠርቶ ላፕቶፕ መክፈት፦ ሰው ወደ ሽያጭ ቡድናችን ስንጋብዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ የምትኖሩ ይሄን በደንብ ታውቁታላችሁ። ለወራት ድምፁ የጠፋ ሰው ድንገት ይደውላል። «ምነው ጠፋሽ? ቡና እንጠጣ እንጂ» ይላል። ደስ ብሎሽ ትሄጃለሽ። ገና ስኳሩ ሳይሟሟ ላፕቶፕ ይከፈታል፣ አጠገብሽ የማታውቂው ሰው ይቀመጣል፣ «የራስሽ አለቃ መሆን አትፈልጊም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ሥራውን፣ ማለትም ኔትወርክ ማርኬቲንግን (ዕቃ እየሸጡ፣ ሌላ ሻጭም እያስገቡ ኮሚሽን የሚያገኙበትን)፣ አልቃወምም። ልጅ እያሳደጉ፣ ከሥራ መልስ መዋቢያና ቫይታሚን ከቤታቸው እየሸጡ የግሮሰሪ ወጪያቸውን የሚሸፍኑ ሰዎች አሉ። ይሄን የምጽፈው ለእነሱ ነው፣ በተለይ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ለሚፈልጉት። አጠራራችን ካልተስተካከለ የምናጣው ከሽያጩ በላይ ነው። እዚህ አገር ያለን ዘመድ፣ ጓደኛና የሰፈር ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ጉዳዩን መደበቅ ነው። ብዙ ስልጠናዎች ላይ «የኩባንያውን ስም አትናገሩ፣ ጉጉት ፍጠሩ» ይባላል። እኛ ዘንድ ይሄ ፈጽሞ አይሠራም። ሰው ለቡና ተጠርቶ ለንግድ መሆኑን ሲያውቅ የሚሰማው መታለል ነው። ከዚያ በኋላ የምታወሪው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳን አይሰማሽም፤ ስለ ልጆቹ መጠየቅሽ ራሱ ለዚህ ነበር ማለት ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ ገና በጽሑፍ ንገሪው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ሰላም እህቴ፣ ደህና ነሽ? እኔ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መዋቢያ እሸጣለሁ። አብሮኝ የሚሠራ ሰው እየፈለግኩ ስለሆነ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ፈቃደኛ ከሆንሽ በስልክ 20 ደቂቃ ላስረዳሽ። መመዝገቢያ ክፍያ አለው፣ እሱንም እነግርሻለሁ። ካልተመቸሽ መልስ ባትሰጪኝም አልቀየምም።»

የኩባንያውን ስምም ጨምሪበት፣ ራሷ ገብታ ታንብብ። ይሄን አይታ ዝም ያለች ሰው ላፕቶፕ ቢከፈትላትም አትገባም ነበር። አንቺም እሷም አንድ ቅዳሜ ተረፋችሁ።

ቀጥሎ የምለው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው፤ በይሉኝታ የተባለን እሺ እንደ እሺ መቁጠር። የእኛ ሰው ፊት ለፊት እምቢ አይልም። «እስኪ አስብበታለሁ» ይላል። «ባለቤቴን ላማክር» ይላል። «ከፋሲካ በኋላ እናውራ» ይላል። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁሉ አልፈልግም ማለት ናቸው፣ ሁላችንም እናውቃለን። ስልጠናው ግን «እምቢ እስኪልህ ድረስ ተከታተል» ስለሚል በየሳምንቱ እንደውላለን፣ ሰውየውም ጭቅጭቁን ለመገላገል ብሎ ይመዘገባል። ከፍሎ ያመጣው ስታርተር ኪት (ለጀማሪ ሻጭ የሚሸጠው የዕቃ ጥቅል) ሳይከፈት ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ስልክ አያነሳም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያይሽ በሌላው በር ይወጣል። አንድ ስም ዝርዝርሽ ላይ ጨመርሽ፣ አንድ ወዳጅ ግን አጣሽ።

መፍትሔው እምቢ ለማለት የሚያስችለውን በር ራስሽ መክፈት ነው። ከነገርሽው በኋላ «አሁን እንዳትመልስልኝ። ከፈለግክ አንተ ደውልልኝ፣ እኔ ስለዚህ ጉዳይ ድጋሚ አላነሳብህም» በይውና ቃልሽን ጠብቂ። በራሱ ጊዜ የደወለ ሰው እውነተኛ ፍላጎት ያለው ነው።

በዚሁ ላይ ስለ ትልልቅ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። እናቶቻችን ሥራው ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «ልጄ፣ አንቺን ካገዘሽ እሺ» ብለው ካርዳቸውን ያወጣሉ። ለእነሱ ምርቃት ነው። በየወሩ የሚቆረጥ የምርት ትዕዛዝ እንዳለው ግን አያውቁም። እንዲህ ያሉ እናት ሲገጥሙሽ «እማማ፣ እርስዎ አይመዝገቡ፤ ከወደዱት አንድ ክሬም ይግዙኝ» ማለት ነው። ክሬሙንም በደስታ ይገዙሻል፣ ለጓደኞቻቸውም ያወሩልሻል።

ቦታ አለመምረጥም አለ። ለቅሶ ቤት ቢዝነስ ካርድ ማደል ነውር ነው፣ ሌላ ቃል የለውም። የእድር የቴሌግራም ግሩፕ ሰው ሲሞትና ሲታመም ለመረዳዳት የተከፈተ ነው፣ ማስታወቂያ አይለጠፍበትም። ክርስትና ላይ ሰው ራሱ «ምን እየሠራሽ ነው?» ብሎ ከጠየቀሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሺና ወደ ድግሱ ተመለሺ።

ገቢን ማጋነን ደግሞ ከነውርም አልፎ ሕግ ያለበት ነገር ነው። የተከራየ መርሰዲስ አጠገብ ቆሞ ፎቶ፣ «በ6 ወር ከሥራዬ ወጣሁ» የሚል ቪዲዮ፣ የአንድ ጥሩ ወር ቼክ ፎቶ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት 70 ኔትወርክ ማርኬቲንግ ኩባንያዎች ስለ ገቢ ያሳተሟቸውን መግለጫዎች አይቷል። አብዛኛው ተሳታፊ በዓመት የሚያገኘው 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ያውም ወጪው ሳይቀነስ። ቢያንስ በ17ቱ ውስጥ አብዛኛው ሰው ምንም አላገኘም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2016 ኸርባላይፍ የተባለው የኔትወርክ ማርኬቲንግ ኩባንያ ከዚሁ ኮሚሽን ጋር በደረሰበት ስምምነት 200 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፣ ገንዘቡም ወደ 350,000 ለሚጠጉ ሰዎች በቼክ ተመልሷል። ስለዚህ ሰው ስትጋብዢ የኩባንያሽን የገቢ መግለጫ ራስሽ ላኪለት፤ አብዛኞቹ ድረ ገጻቸው ላይ አላቸው። ከዚያ የራስሽን ንገሪው፣ ግን ወጪሽን ቀንሰሽ። ቤንዚኑ፣ የናሙናው ዋጋ፣ በየወሩ ራስሽ የምትገዢው ሁሉ ይቀነስ። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው። በትንሹ ቁጥር የገባ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ገብቷል።

«ስኳር ያጠፋል፣ ደም ግፊት ያወርዳል» ማለትም እንደዚሁ ነው። ቫይታሚን በሽታ ያድናል ብሎ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ሰው መድኃኒቱን ቢያቆም ደግሞ ጦሱ ለአንቺም ይተርፋል።

አዲስ ለመጡ ሰዎች ስንነግር የምንዘላቸው ነገሮች አሉ፣ እዚህ ላይ እባካችሁ ጠንቀቅ በሉ። ጥገኝነት ጠይቆ የሥራ ፈቃዱን የሚጠብቅ ልጅ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለች ልጅ «ይሄ እኮ ተቀጥሮ መሥራት አይደለም» ሲባሉ ያምናሉ። በራስ ስም ሸጦ ኮሚሽን መቀበልም ሥራ ነው፣ ያለ ፈቃድ መሥራት ጉዳያቸውን ሊያበላሽ ይችላል። ፈቃድ እንዳላቸው ሳትጠይቂ አታስመዝግቢ፣ ከተጠራጠርሽ ጠበቃቸውን ይጠይቁ። ታክስም አለ። በግል የሚሠራ ሰው የተጣራ ትርፉ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ የራሱን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር መክፈል አለበት፣ እሱም 15.3 በመቶ ነው። ኩባንያው እንደ መደበኛ መሥሪያ ቤት ከደሞዝ ላይ አይቆርጥለትም። ይሄን መጋቢት ላይ ታክስ ሠሪው ቢሮ ተቀምጦ ከሚሰማው ካንቺ አፍ ቢሰማው ይሻላል።

መውጫውን አለመናገር የሚያመጣው ጣጣም ቀላል አይደለም። «ካልሆነልኝስ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው «ለምን እንደሚወድቅ ሰው ታስባለህ?» ብሎ መመለስ ጥያቄውን መሸሽ ነው። የአሜሪካ የቀጥታ ሽያጭ ማኅበር አባል የሆኑ ኩባንያዎች ሰው ሥራውን ሲያቆም ባለፉት 12 ወራት የገዛውንና መሸጥ የሚችል ዕቃውን ቢያንስ በ90 በመቶ ዋጋ መልሰው እንዲገዙት ደንቡ ያስገድዳቸዋል። ያንቺ ኩባንያ አባል ነው? አባል ካልሆነ የራሱ የመመለሻ ደንብ ምን ይላል? ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ማንንም አትጋብዢ፣ ምክንያቱም ጋራዥ ውስጥ ሳጥን ሞልቶበት የሚጨነቀው ያ ሰው ነው።

ወደ አዲስ አበባ መደወል ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። «እዚያ ብዙ ሰው አለ፣ ወንድሜን ላስገባው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ከውጭ የሚደውል ዘመድ ያለው ነገር አገር ቤት ቶሎ ይታመናል፣ ለዚህም ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል፤ ማለትም ገዝተህ ወይም ገንዘብ አዋጥተህ ስትገባ፣ ከዚያም ሌላ ሰው ስታስገባ ሽልማት ታገኛለህ የሚለውን አሠራር። ኩባንያው እዚያ ተመዝግቦ እንደሚሠራ በወረቀት ካላየሽ ወንድምሽን እዚህ ውስጥ አታስገቢው።

የመጨረሻው ስህተት ሰው ከገባ በኋላ የሚሠራ ነው። በገባ በመጀመሪያው ቀን «የምታውቃቸውን 100 ሰዎች ስም ጻፍ» ይባላል። ገና አንድ ሊፒስቲክ ያልሸጠ ሰው ወንድሙን፣ አብሮ አደጉን፣ የክርስትና እናቱን ዘርዝሮ ይሰጣል፣ በሳምንቱ ሁሉም ስልኩን መሸሽ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ይሽጥ። ደንበኛ ሁለተኛ ጊዜ ዕቃ ሲያዝዝ ይይ። እ.ኤ.አ. በ1979 ያው የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አምዌይ የተባለውን የኔትወርክ ማርኬቲንግ ኩባንያ ጉዳይ አይቶ ፒራሚድ አይደለም ብሎ ሲወስን ከተመለከታቸው የኩባንያው ደንቦች አንዱ አከፋፋዩ ቦነስ ለማግኘት በወር ቢያንስ ለ10 የተለያዩ ደንበኞች መሸጥ አለበት የሚል ነበር። እኔ ለአዲስ ገቢ የምመክረው ይሄንኑ ነው፤ 10 ሰው ምርቱን ወዶት በገዛ ገንዘቡ እስኪገዛ ድረስ ማንንም «አብረን እንሥራ» እንዳይል። 10 ገዢ ማግኘት ካልቻለ ምርቱ ወይ ዋጋው ችግር አለበት ማለት ነው፤ ወንድሙን ማስገባቱም ያንን አይፈታውም።